ሴት ልጆች የማይቀሩበት ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚቋቋም፦ የቡርኪና ፋሶ ልምድ

ለገጠር ትምህርት ቤት ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ሐሳቡ ብዙውን ጊዜ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ያርፋል። ምዕራብ አፍሪካዊቷ ቡርኪና ፋሶ ግን ከዚያ አልፋ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሴት ልጆች ምዝገባ እጅግ ዝቅተኛ በነበረባቸው 10 አውራጃዎች፣ በ132 መንደሮች ውስጥ፣ የአሜሪካ መንግሥት ተቋም በሆነው በሚሊኒየም ቻሌንጅ ኮርፖሬሽን ገንዘብ «ብራይት» የተባለ ፕሮግራም ተካሂዷል። ውጤቱም በጥንቃቄ ተለክቷል። ተመሳሳይ ሥራ የሚያስብ ማኅበር ከዚያ የሚማረው ብዙ ነው።

1. ቤት ለቤት ይቁጠሩ

የትምህርት ቤት መዝገብ የሚነግርዎ ስለመጡት ልጆች ብቻ ነው። ለትምህርት የደረሱትን ልጆች በየቤቱ፣ ወንድና ሴት ለይተው ይመዝግቡ። ስሟ መዝገብ ላይ ያለውን ልጅ ደግሞ ትናንት ክፍል ውላ እንደሆነ ይጠይቁ።

2. የልጅቷን ውሎ ይወቁ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አባትየውን «ለምን አታስተምራትም?» ብሎ ከመገሠጽ፣ እናትየውን «ልጅሽ በጠዋት ትምህርት ቤት ብትሄድ የትኛው ሥራ ይቆማል?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፦ ውኃ መቅዳት፣ ማሽላ መውቀጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታናሽ ወንድሟን አዝሎ መዋል። እናት እርሻ ስትወርድ ሕፃኑን የሚይዝላት ሌላ ሰው የለም። ለዚህ ነው ብራይት ከትምህርት ቤቶቹ ጋር «ቢሶንጎ» የሚባሉ የሕፃናት ማቆያዎችን ያቋቋመው። በግቢው የውኃ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ መጸዳጃ ቤት ተሠራ፤ ለእናቶችም የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ተሰጠ። ልጆችን ማስተማር እንዲለመድ በየመንደሩ ቅስቀሳ ተካሂዷል፤ እኔ ግን ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ሳይገኝ ቅስቀሳው ብቻውን ሩቅ ይወስዳል ብዬ አላምንም።

3. በጀትዎን በቅደም ተከተል ያውጡ

ፕሮግራሙ በተጀመረ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች ምዝገባ በ19 መቶኛ ነጥብ ጨምሯል፤ የሴቶቹ ጭማሪም ከወንዶቹ በ5 ነጥብ በልጧል። ውጤቱን የለኩት ተመራማሪዎች የሕንፃውን ድርሻ ለይተው ሲያሰሉ፣ ጨርሶ ትምህርት ቤት ባልነበረበት መንደር ትምህርት ቤት በመኖሩ ብቻ ምዝገባ በ26.5 ነጥብ እንደሚጨምር፣ ለሴት ልጆች ታስበው የተጨመሩት ነገሮች ደግሞ ተጨማሪ 13 ነጥብ እንዳስገኙ አመልክተዋል። እንግዲህ ጨርሶ ትምህርት ቤት በሌለበት መንደር መጀመሪያ ክፍሎቹ ይሠሩ። ትምህርት ቤት ባለበት መንደር ግን ሌላ ሕንፃ ከመደርደር ማቆያው፣ ውኃውና መጸዳጃው ይቅደም።

4. ለቤተሰብ የሚሰጡትን እህል ክፍል ከመገኘት ጋር ያያይዙ

በሰሜን ቡርኪና ፋሶ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ በወር ውስጥ ከትምህርት ቀናቱ 90 በመቶውን የተገኘች ልጅ 10 ኪሎ ዱቄት ይዛ ወደ ቤቷ ትገባ ነበር። በሌሎች ትምህርት ቤቶች ደግሞ ምሳ ይቀርብ ነበር። ሁለቱም በአንድ የትምህርት ዓመት ውስጥ የሴቶችን ምዝገባ ከ5 እስከ 6 መቶኛ ነጥብ አሳድገዋል። ቤት የገባው ዱቄት ግን አንድ ብልጫ ነበረው፤ ገና ለትምህርት ያልደረሱት ታናናሾች ክብደት ጨመሩ። ምርጫው የእኔ ቢሆን ዱቄቱን አስቀድም ነበር። ስርጭቱን በየወሩ፣ ቀን ሳያዛንፉ ያድርጉ፤ የመገኘት መዝገቡንም ወላጆች ባሉበት ያንብቡ።

5. ከሦስተኛ ክፍል በኋላ ያለውን ከወዲሁ ያቅዱ

ብራይት የጀመረው በሦስት የመማሪያ ክፍሎች ነበር፤ ቀሪዎቹ ሦስቱ የተጨመሩት በሁለተኛው ዙር ነው። ልጅቷ ሦስተኛን ስትጨርስ አራተኛው ሩቅ ከሆነ ወላጅ ቤት ያስቀራታል። መሬቱን ሲረከቡ ለስድስት ክፍልና ለመምህራን መኖሪያ የሚበቃ ይሁን።

6. የመዝገቡን ቅጂ ሌላ ቦታ ያስቀምጡ

ሱም፣ ሴኖና ኡዳላን የብራይት ትምህርት ቤቶች ከተሠሩባቸው አውራጃዎች መካከል ናቸው። በኋላ በታጣቂዎች ጥቃት የተነሳ በዚያ አካባቢ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ቤተሰቦችም ተፈናቅለዋል። ወደ ሌላ ከተማ የተሰደደች ልጅ የትምህርት ማስረጃ ከሌላት ያለፈችውን ክፍል እንደገና ልትጀምር ወይም ጨርሶ ልትቀር ትችላለች። የእያንዳንዷን ልጅ ስም፣ የክፍል ደረጃና ውጤት የያዘ አንድ ቅጂ ለወላጆች ኮሚቴ፣ አንዱን ደግሞ ከመንደሩ ውጭ ለሚገኝ የትምህርት ጽሕፈት ቤት በየመንፈቀ ዓመቱ ያስረክቡ።