ቤትና ይዞታ ለመሸጥ የሚሻለው ወር የትኛው ነው?

በአፋችን «መሬት ሸጠ» እንላለን እንጂ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ለገዢ የሚተላለፈው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብቱ ነው። የሊዝ ቦታዎ ባዶ ከሆነ ወይም ግንባታው ካልተጋመሰ ማስተላለፉ ገደብ አለበት፤ ወር ከመምረጥዎ በፊት መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ።

ቤቱ ያለቀና ካርታ ያለው ከሆነ፣ ለአዲስ አበባ የምንመክረው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለውን ጊዜ ነው። መንገዱ ደርቋል፤ ለገናና ለጥምቀት ከውጭ የመጣው ሰው አገር ቤት ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግብር ሲከፍል የቆየው ነጋዴም እጁ ላይ ገንዘብ መያዝ ይጀምራል። እንደ ደብረ ማርቆስና አሰላ ባሉ ከተሞች ጥርና የካቲት ይበልጥ ያዋጣሉ፤ አዝመራው ገብቶ እህሉ ወደ ገንዘብ የሚለወጠው ያኔ ነው። ይህ ካመለጠ ከዳግማይ ትንሣኤ እስከ ግንቦት መጨረሻ ሁለተኛ ዕድል አለ።

ሐምሌና ነሐሴ ለአብዛኛው ሻጭ አይሆኑም። ግን ግቢዎ ከፍታ ላይ ያለ፣ ውኃ የማይተኛበት ከሆነ ገዢውን ዝናብ እንዳባራ ያምጡት፤ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የለም። ውኃ የሚቋጥር ግቢ ካለዎት ደግሞ ቦዩን በግንቦት ያስቆፍሩ። በበጋ ደብቆ መሸጥ ገዢውን መበደል ነው፣ ጠቡም በሐምሌ ይመጣል።

ቀለም የሚቀባው ኅዳር ላይ ነው። ግድግዳው ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ቢጫ መስመር ካወጣ ክረምቱን እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነው። መስከረም ላይ ከቀቡት እርጥበቱ ሲወጣ ቀለሙን ያሳብጠዋል፤ በጥር ገዢው በጥፍሩ ነካ ሲያደርገው ይረግፋል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ብዙ ሽያጭ የሚበላሸው ግን በወረቀት ነው። ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን እስከ ሰኔ ይጨርሱ። ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ መስከረም መደበኛ ችሎት ስለማይዙ፣ በሐምሌ የተከፈተ ፋይል ጥቅምትን ሊሻገር ይችላል። የቦታ ኪራዩንና የቤት ግብሩን እንደከፈሉ ደረሰኙን ከካርታው ጋር ያስቀምጡ።

በጥቅምት ግቢውን በሜትር ይለኩ። ካርታው 175 ካሬ እያለ አጥሩ 190 ከያዘ፣ ስም ዝውውሩ በትርፏ 15 ካሬ ምክንያት ሊቆም ይችላል። ይህን ገዢ ከመጣ በኋላ ማወቅ ወራት ያስከፍላል። የባንክ ዕዳ ካለበት የእገዳ ማንሻ ደብዳቤውን በኅዳር ያስጨርሱ። ባለትዳር ከሆኑና ቤቱ የጋራ ከሆነ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ውጭ አገር ያለ ባለቤት የሚልከው ውክልና «ለመሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ ይኑረው፤ በጠቅላላ ውክልና ቤት አይሸጥም። ሰነዱ በኤምባሲ፣ ከዚያም አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ ስለሚያልፍ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድመው ይጀምሩ።

ለደላላ የሚነግሩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ነው። ኮሚሽኑን፣ እንዲሁም የስም ማዞሪያውንና የግብሩን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ቁርጡን ይለዩ።

ወረቀቱ ሳያልቅ ደግሞ ቀብድ አይቀበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያልፈጸመ ሻጭ እጥፉን ይመልሳል፤ 200 ሺህ ብር የወሰደ 400 ሺህ ይከፍላል ማለት ነው። ውሉም በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፣ ክፍያው በሲፒኦ (ባንክ ገንዘቡን ይዞ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን፤ ቀጠሮውን በዓል በሌለበት ሳምንት፣ ባንክም ቢሮውም ክፍት በሆኑበት ጠዋት ይያዙ።