ድሬ ላይ ዲስክ ጎልፍ እንዴት ይጀመራል? ከመጀመሪያው ቅርጫት እስከ ሽልማት ያለው ውድድር

ፊንላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ድሬዳዋ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከቸኮሌቱና ከጫማው ጋር 14 ዲስኮች ይዞ መጣ። «ፍሪዝቢ ነው?» አልኩት። «አቦ ተወኝ፣ ዲስክ ጎልፍ ነው!» ብሎ በማግስቱ ማለዳ ሜዳ ይዞኝ ወጣ። ሲመለስ ዲስኮቹን ትቶልኝ ሄደ። የስፖርት መምህር ስለሆንኩ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት፣ ጎርፍ የወሰደው አንድ ቅርጫትና ሳልወድ የሸጥኩት አንድ ሳይክል ካስከፈለኝ በኋላ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ጨዋታው በአጭሩ ይህ ነው። በዱላና በኳስ ፈንታ ዲስክ ትወረውራላችሁ፤ በጉድጓድ ፈንታ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት አለ። ከመነሻው ትወረውራላችሁ፣ ካረፈበት ሄዳችሁ እንደገና ትወረውራላችሁ፣ እስኪገባ ድረስ። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ አሸነፈ።

ደረጃ 1፦ ዲስክ

የድሬውን ታይዋን ገበያ ከዳር እስከ ዳር ዞሬ ያገኘሁት የልጆች መጫወቻ ፍሪዝቢ ብቻ ነው። እሱ አይሆንም። የዲስክ ጎልፍ ዲስክ ጠበብ ያለ፣ ወደ 21 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ከበድ ያለና ጠርዙ የሰላ ነው። ጠርዙን ያሰላው ዴቭ ደኒፔስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ጊዜው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዲስክ አየሩን እየሰነጠቀ ሩቅ መሄድ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አደራ በሉት።

አደራ ስትሉ ግን «ፑተር» (ለቅርብ) እና «ሚድሬንጅ» (ለመካከለኛ ርቀት) የሚባሉትን ብቻ አስመጡ። ለሩቅ የሚወረወረውን «ድራይቨር» ሁሉም ይመኘዋል፤ ለጀማሪ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ድራይቨር ፈጣን ክንድ ይፈልጋል፤ ክንዱ ካልፈጠነ ዲስኩ 30 ሜትር ሳይሄድ ወደ ግራ ታጥፎ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይወጣል። (በቀኝ እጅ፣ የእጅ ጀርባ ወደፊት ሆኖ የተወረወረ ዲስክ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ መውደቁ ጥፋት አይደለም፤ ተፈጥሮው ነው።) ቀለሙ ደግሞ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ይሁን። ግራር ሥር የገባ ቡናማ ዲስክ ስፈልግ ያፈሰስኩትን ደም እኔ ነኝ የማውቀው።

ደረጃ 2፦ ቅርጫቱን ማሠራት

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። እኔን ያዋረደኝ ይህ ነው።

ድሮ አሜሪካ ውስጥ ጨዋታው ሲጀመር የሚወረወረው ዛፍና ምሰሶ ላይ ነበር። «ነካ!»፣ «አልነካም!» የሚለው ጭቅጭቅ አላልቅ አለ። በፈረንጆቹ 1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ የነደፈው ኤድ ሄድሪክ መፍትሔ ብሎ ያመጣው ሰንሰለትና ቅርጫት ነው፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ፒዲጂኤ የሚባለውን የባለሙያዎች ማኅበር መሠረተ። ሰውየው በፈረንጆቹ 2002 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ የተቀላቀለባቸው ዲስኮች ተሠርተዋል። እንዲህ ያለ ፍቅር የያዘው ሰው ያሰበበትን ነገር እኔ በአንድ ከሰዓት በያጅ ቤት ልጨርሰው ተነሳሁ።

የሚያስፈልጋችሁ አሮጌ የሳይክል ቸርኬ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ትንሽ የሚረዝም ቱቦ፣ ቀጭን ፌሮ፣ የውሻ ማሰሪያ የሚያህል ሰንሰለትና ለመቆሚያ የሚሆን ያረጀ የመኪና ቸርኬ ነው። የሳይክሉ ቸርኬ ቱቦው አናት ላይ እንደ ጃንጥላ ይበየዳል። ሽቦዎቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ 36 ናቸው፤ በየሦስተኛው ቀዳዳ አንድ ሰንሰለት ስታንጠለጥሉ 12 ይሆናል። ከውስጥ፣ ቱቦውና ቸርኬው መካከል፣ ከፌሮ ትንሽ ክብ አሠርታችሁ 6 ሰንሰለት ጨምሩ። ታች ከፌሮ የተሠራው ቅርጫት አፉ ከመሬት ወደ 82 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ከአፉ እስከ ላይኛው ቸርኬ ግማሽ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይኑር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰንሰለቶቹ ሁሉ ታች የሚገናኙት ቱቦውን በምትከብ አንዲት ቀለበት ላይ ነው። ያቺ ቀለበት አትበየድም! ከቱቦው ሰፋ ብላ፣ ወደ ላይም ወደ ጎንም እየተወዛወዘች በሰንሰለቶቹ ብቻ ተንጠልጥላ ነው የምትኖረው። ሰንሰለቶቹም ከላይ እስከ ቀለበቷ ካለው ርቀት በአንድ ስንዝር ያህል ይርዘሙ፤ ሆዳቸው ዘብ ብሎ ይንጠልጠል።

የእኔ በያጅ ጎበዝ ሰው ነው፤ ችግሩም ጉብዝናው ነው። ቀለበቷ ስትንጫጫ አይቶ «ይሄ ነገር ይላቀቅብሃል» አለና ቱቦው ላይ በየዳት። ሰንሰለቶቹን ደግሞ እንደ ክራር አውታር ወጥሮ አሰራቸው። እኔም ሲያምር አይቼ አመስግኜ ከፍዬ ዘጠኙንም ይዤ ሄድኩ። አልሞከርኩም።

የመጀመሪያው ውድድራችን ላይ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከስድስት ሜትር ላይ ወረወረ። ዲስኩ መሀል ሰንሰለቱን «ጧ!» አድርጎ መታና እንደ ኳስ ነጥሮ እግሩ ሥር ወደቀ። ልጁ ዲስኩን አየ፣ ቅርጫቱን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ ገባ አይደል?» አለኝ። ዲስክ ገባ የሚባለው ቅርጫቱ ውስጥ ወይም ሰንሰለቱ ላይ ሲያርፍ ነው፤ የእሱ መሬት ላይ ነው። አልገባም አልኩት። የዚያን ቀን እንዲህ ያልኩት ለሃያ ጊዜ ያህል ነው፤ የጭቅጭቅ መፍትሔ ተብሎ በተፈጠረ ዕቃ ቀኑን ሙሉ ተጨቃጨቅን።

ሰንሰለት ዲስክ የሚይዘው ስለሚላላ ነው። ዲስኩ ሲመታው አብሮ ይሄዳል፣ ይወዛወዛል፣ ጉልበቱን ይጨርሰዋል፤ ከዚያ ዲስኩ ቁልቁል ይወድቃል። የተወጠረ ሰንሰለት ግን የመጣለትን ይተፋል። ስለዚህ ቀለም ሳይቀባ በፊት በያጅ ቤቱ ደጃፍ ላይ አቁሙትና ከአምስት ሜትር 20 ጊዜ ወርውሩ፤ ግማሹን በቀስታ፣ ግማሹን በኃይል። በቀስታ የተወረወረው ከነጠረ ሰንሰለቱ ተወጥሯል። በኃይል የተወረወረው ቱቦውን እየመታ ከተመለሰ የውስጠኛው ሰንሰለት አንሷል። ድምፁም ይነግራችኋል፦ «ጧ» ካለ መጥፎ፣ «ሽርርክ» ካለ ጥሩ ነው። በያጁ ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ሲሚንቶ ውስጥ አትትከሉት። የመጀመሪያውን ተክዬው ሰንሰለቱ ሁለት ሳምንት አልቆየም፤ በየትኛው ቆራሌው ማዳበሪያ እንደገባ እግዜር ይወቅ። የመኪናው ቸርኬ ላይ አጭር ወፍራም ቱቦ በይዱና ምሰሶው እዚያ ውስጥ ይሰካ። ሲፈታ ሁለቱ አንድ ባጃጅ ውስጥ ይገባሉ።

ደረጃ 3 እና 4፦ ቦታና አቀማመጥ

ዘጠኝ ቅርጫት ይበቃል። ሁለት ዙር ስትጫወቱት 18 ይሆናል። ለጀማሪ ከ50 እስከ 80 ሜትር ርቀት ሸጋ ነው፤ 120 ሜትር የሚያስቀምጥ ሰው ጉራውን ነው የሚያሳየው። አንዱ መስመር ሌላውን አያቋርጥ፤ መንገድና የፍየል ማሰማሪያ ላይ አይወርወር። ለቀበሌው ቀድማችሁ ንገሩ። መነሻዎቹን በኖራ አስምሩ።

ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውስጥ ግን አደራ። አሸዋው ለጥ ያለ ነው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ነው፣ እኔም ሦስት ቅርጫት አቆምኩበት። ድሬ ላይ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፤ ዝናቡ የጣለው ላይ ደንገጎ ተራራ በኩል ነው። ውሃው ሲመጣ ሁለቱን ብቻ ነው የደረስንባቸው። በእኛ አቆጣጠር የ1998ቱ የሐምሌ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበትን አሸዋ የድሬ ልጅ ሆኜ እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። ቅርጫት ቢሄድ ይሂድ፤ ልጆቹ ቆመውበት ቢሆንስ? በክረምት ጨርሶ አትግቡበት።

ሐረር ወጥታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ሌላ ነገር ጠብቁ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1200 ሜትር ነው፣ ሐረር 1900 ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ዲስኩ ቶሎ ወደ ግራ ያዘነብላል። ድሬ ላይ ቀጥ የሚልላችሁ ዲስክ እዚያ ቢከዳችሁ ክንዳችሁን አትርገሙ።

ደረጃ 5፦ ከውድድሩ በፊት ተጫዋች

እኔ የጀመርኩት ከባነርና ከድምፅ ማጉያ ነው፤ ተጫዋች ከዚያ በኋላ ይመጣል ብዬ። የመጡት ሊያዩ መጡ፣ አይተው ሄዱ። አሁን ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ቅርጫቶቹን አቁሜ ማንም እንዲወረውር እተዋለሁ፤ ሦስት ወር ተመላልሶ የመጣው ነው ተወዳዳሪ የሚሆነው። ዲስኮቹ የጋራ ናቸው፣ ስም ተጽፎ ይወሰዳሉ።

«ገንዘብ አለው ወይ?» ብለው የሚጠይቁ አይጠፉም። ለሚያገኘው አለው፦ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ፖል ማክቤዝ በ2021 ከአንድ የዲስክ አምራች ጋር የ10 ዓመት፣ የ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈርሟል። ለሴቶቹ ግን የምነግራቸው የክሪስቲን ታታርን ነው። የኢስቶኒያ ልጅ ናት፤ ሀገሯ አንድ ሚሊዮን ተኩል እንኳ ሕዝብ የላትም፤ እሷ ግን በ2022 እና በ2023 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የሴቶች ምድብ ከመጀመሪያው ውድድር ጀምሮ ለብቻው ይኑር፣ አራት ሴት ብቻ ብትመዘገብም።

ደረጃ 6፦ የውድድሩ ቀን

ሰዓቱን ፀሐይ ነው የሚወስነው። ከጠዋቱ 12፡30 ጀምሩ። ዘጠኝ ቅርጫት ላይ አራት አራት ሰው መድባችሁ ሁሉንም በአንድ ፉጨት ብታስጀምሩ 36 ሰው በአንዴ ይጫወታል፤ አንዱ ዙር ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። ሻይና ሳምቡሳ፣ ከዚያ ሁለተኛው ዙር፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ከምሳ በኋላ አደርጋለሁ የሚል ካለ ድሬን አያውቃትም፦ ሙቀቱ አለ፣ ከሙቀቱ የተረፈውን ደግሞ በርጫው ይወስደዋል።

ይህ ጨዋታ ዳኛ አያስፈልገውም፤ አራቱ አብረው የሚዞሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይቆጣጠራሉ። ለመወርወር ያለው ጊዜ 30 ሴኮንድ ነው። ከክልል ውጪ የወጣ አንድ ውርወራ ይቀጣል። ከቅርጫቱ 10 ሜትር ውስጥ የወረወረ ሰው ሚዛኑን ጠብቆ መቆሙን ሳያሳይ ወደፊት አይረግጥም። አርፍዶ ያመለጠው ቅርጫት ካለ ለዚያ ቅርጫት ከተመደበው ውርወራ ላይ አራት ተጨምሮ ይጻፍበታል፤ ይህች ደንብ በድሬ ሰዓት የሚመጣውን ሁሉ አስተካክላለች።

አስቸጋሪው ጥፋትን መጥራቱ ነው። እዚህ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው፤ ስለዚህ ለመናገር አንፈራም ብዬ ነበር። ለካ አንቱታ ቢቀርም ይሉኝታ አይቀርም። ጓደኛው ሲረግጥ አይቶ ወደ ሰማይ የሚያይ በዛ። ስለዚህ በየቅዳሜው ልምምድ ላይ ሆን ብዬ እኔ እረግጣለሁ፤ ያልጠራብኝ ዲስኮቹን ይሰበስባል።

ነጥቡን ሁለት ሰው ለየብቻ ይጻፍ። አንዱ ቅርጫት እንዳለቀ ሁሉም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገር። ሲያልቅ ደምራችሁ፣ አስፈርማችሁ፣ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱ።

ደረጃ 7፦ ሽልማት

በዲስክ ጎልፍ ፕሮፌሽናል የሚባለው ለጥሬ ገንዘብ የሚጫወተው ነው፤ አማተሩ ዲስክ፣ ቦርሳ፣ ካኔቴራ ነው የሚወስደው። ስለዚህ ስትመዘግቡ «የገንዘብ» እና «የዕቃ» ብላችሁ በሁለት ምድብ ክፈሉ። የምትሰጡት ገንዘብ ደግሞ እጃችሁ ላይ ያለ ይሁን። አንድ ነጋዴ የአንደኛውን ሽልማት እሸፍናለሁ ስላለኝ ቁጥሩን ባነር ላይ በትልቁ አሳተምኩት። በዕለቱ ስልኩ ዝግ ነው። 36 ሰው ፊት «ነገ» አይባል ነገር፤ አሸናፊውን ሰኞ የከፈልኩት ሳይክሌን ሸጬ ነው። (ቸርኬው እንኳ አልተረፈኝም።)

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። የመመዝገቢያውን ገንዘብ ቆጥሬ ጠዋት ፉጨቱ ሳይነፋ ለሁሉም እናገራለሁ፤ ይህን ያህል ተሰብስቧል፣ አንደኛ ይህን፣ ሁለተኛ ይህን። ስፖንሰር ከሰጠ በዚያው ሰዓት በጥሬው ይጨመራል፤ «ልኬልሃለሁ» ያለ ግን ሲገባ ይታያል። ለአንድ ሰው ሁሉንም አትስጡ፤ ከሦስት ተጫዋች አንዱ የሆነ ነገር ይዞ ቢገባ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ይመጣል። እኩል የወጡ ሁለት ካሉ ገንዘቡን አታካፍሉ፣ አንድ ቅርጫት ላይ ይለያዩ፤ ተመልካቹ የሚጠጋው፣ የባጃጅ ሹፌሮቹም ሞተር የሚያጠፉት ያኔ ነው።

ከዚያ ቅርጫቶቹን ፍቱ። ስትጭኑም ሰንሰለት በሰንሰለት ቁጠሩ፤ በአንዱ ቅርጫት 18።