የኤሌክትሪክ ዘርፍ ማሻሻያ ጥናት እንዴት ይሠራል?

ስለ ኃይል ዘርፍ ማሻሻያ የሚጻፉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ የሚያርፉት «ታሪፉ ወጪን የሚሸፍን ይሁን» በሚለው ምክር ላይ ነው። ይህን ለማለት ጥናት አያስፈልግም። ጥናት የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ከወጪው በታች ሲሸጥ ልዩነቱን ማን እየከፈለ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ከፋይ የሌለው ኪሳራ የለም፤ ከፋዩ ባንክ ሊሆን ይችላል፣ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሊሆን ይችላል፣ ጥገና በመቅረቱ መብራት የሚጠፋበት ደንበኛም ሊሆን ይችላል። ሕጉን ለሕግ ባለሙያ፣ ገንዘቡን ለኢኮኖሚስት፣ ኃይሉን ለመሐንዲስ አከፋፍሎ የሚያጠና ቡድን ይህን ከፋይ ሳያገኘው ሪፖርቱን ያስረክባል።

ጥያቄውን ያጥብቡ

«ዘርፉ እንዴት ይሻሻል?» የሚለው ለስብሰባ መክፈቻ እንጂ ለጥናት አይሆንም። «የማከፋፈያ ድርጅቱ ያለፈው ዓመት ጉድለት ከምን መጣ? ማንስ ተሸከመው?» የሚለው ግን መልስ አለው።

ሕጉን ከመጨረሻው ያንብቡ

የአዋጁን ዓላማና መግቢያ ለኋላ ያቆዩትና «ስለ ተሻሩ ሕጎች» ከሚለው አንቀጽና ከመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች ይጀምሩ። የትኛው አሮጌ ሕግ እስካሁን እየሠራ እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ነው። ከዚያ ስለ ታሪፍ የሚናገረውን አንቀጽ ያግኙና ግሱን ይመልከቱ። ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ታሪፍ «ያጸድቃል» ወይስ «አጥንቶ ያቀርባል»? «ያቀርባል» ከሆነ ዋጋ የሚወስነው ሌላ አካል ነው፤ ስለ ተቆጣጣሪው ነጻነት የሚጻፈው ምዕራፍ ሁሉ በዚህ አንድ ግስ ይወድቃል። «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» ከተባለም መመሪያው መውጣቱን ያረጋግጡ። ሳይወጣ ዓመታት የሚያልፉበት ጊዜ አለና።

አንቀጾቹን አያይዞ ማንበብ ለምን እንደሚያስፈልግ ካሊፎርኒያ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ የኤሌክትሪክ የጅምላ ገበያውን ለውድድር ሲከፍት ለደንበኞች የሚሸጥበትን ዋጋ ግን ገድቦ ነበር። እያንዳንዱ አንቀጽ ለብቻው ሲነበብ ምክንያታዊ ነው። በ2000 የጅምላ ዋጋው ሲያሻቅብ አከፋፋይ ድርጅቶቹ በውድ ገዝተው በርካሽ ለመሸጥ ተገደዱ፤ ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ በአፕሪል 2001 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

ጉድለቱን በሦስት ይክፈሉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ከጊዜዎ ግማሹን ቢወስድ አይድነቅዎ። ጉድለት ሦስት ምንጮች አሉት፦ ከወጪ በታች የሆነ ዋጋ፣ በመስመር ላይና በስርቆት የሚባክን ኃይል፣ እንዲሁም ሒሳቡ ተልኮ ያልተሰበሰበ ገንዘብ።

በቀላል ቁጥር እንየው። 100 አሃድ ኃይል ይመነጫል። አንዱን አሃድ አመንጭቶ ለማድረስ 10 ይወጣል፤ ጠቅላላ ወጪ 1,000 ነው። 20 አሃድ በመንገድ ይባክንና ለ80ው ሒሳብ ይላካል። ከዚያ ውስጥ የሚከፈለው የ68ቱ ብቻ ነው። መሸጫው 8 ቢሆን ገቢው 544 ነውና ጉድለቱ 456 ይሆናል። አሁን ይክፈሉት፦ የባከነው 20 በ10 ሲባዛ 200፤ ሒሳብ የተላከለት 80 በዋጋ ልዩነቱ በ2 ሲባዛ 160፤ ያልተሰበሰበው 12 በ8 ሲባዛ 96። ድምሩ 456 ሆኖ ይገጥማል።

መሳሳት የሚቀናው ሦስተኛው ላይ ነው። ያልተሰበሰበውን በመሸጫው በ8 ማባዛት ሲገባ በወጪው በ10 ካባዙት ድምሩ 480 ይመጣል፤ የዋጋ ልዩነቱ አስቀድሞ ስለተያዘ 24ቱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው። ድምሩ ካልገጠመ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

ውጤቱን ልብ ይበሉ። ታሪፉን ወደ 10 ብናሳድገው፣ ማለትም «ወጪን የሚሸፍን» ብናደርገው፣ ገቢው 680 ብቻ ነው፤ 320 ጉድለት ይቀራል። ሁሉንም በዋጋ ብቻ እንዝጋ ብንል መሸጫው ወደ 15 ገደማ መድረስ አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚከፍለው ደንበኛ ቁጥር ባለበት አይቆምም። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን መጣል ይህ ነው። እርግጥ ብክነት የሌለበት መስመር የለም፤ ከ20ው ውስጥ በአግባቡ የሚጠበቀውን ለይተው ከዚያ የበለጠውን ብቻ እንደ ድክመት ይቁጠሩ።

እነዚህን ቁጥሮች ከዓመታዊ ሪፖርት እንደወረዱ አይቀበሉ። «የተሸጠ ኃይል» የሚለው መስመር ውስጥ ግምት ይደበቃል፦ ቆጣሪ አንባቢው በሩ ተዘግቶ ሲመለስ በግምት የሚሞላው ንባብም የተሸጠ ተብሎ ይመዘገባል። በህንድ ቆጣሪ ያልተገጠመላቸው የመስኖ ፓምፖች ፍጆታ በግምት ይያዝ ስለነበር ስርቆትና ብክነት በገበሬ ስም ተሸፍኖ ኖሯል። ስለዚህ ከሥራ አስኪያጁ በፊት ሒሳብ የሚያዘጋጀውን ክፍል ያነጋግሩ።

«ወጪ» የሚለውም እንዲሁ ይፈተሽ። ከዓመታት በፊት በተመዘገበ ዋጋ የተያዘ ግድብ ወጪን አሳንሶ ያሳያል። በውጭ ምንዛሪ የተወሰደ ብድር ደግሞ የአገር ውስጥ ገንዘብ ሲዳከም ያለ አንድ ተጨማሪ አሃድ ኃይል ወጪውን ያንረዋል።

ለዚህ ሁሉ ኤክሴል ይበቃል። ውስብስብ ሞዴል የሚያምረው ጥሬ ቁጥሩ ከታመነ በኋላ ነው። ስካን የተደረጉ ሰንጠረዦችን ግን በእጅ ይገልብጡ፤ ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር 3ን ከ8 ሲያምታታ ማንም አያስጠነቅቅዎትም።

ዕዳውን ይከተሉ

456ቱ የት ሄደ? የኦዲት ሪፖርቱን ዋና ሰንጠረዥ አልፈው ከሒሳብ መግለጫው ጋር የተያያዙትን ማብራሪያዎች ያንብቡ። ለአመንጪዎች ያልተከፈለ ውዝፍ፣ ከመንግሥት ባንክ የተወሰደ ብድር፣ የመንግሥት ዋስትና፣ የኦዲተሩም ቅሬታ የሚገኘው እዚያ ነው። ዋስትና ዛሬ በበጀት አይታይም፤ ድርጅቱ መክፈል ሲያቅተው ግን ይታያል።

ዕዳው መዝገብ ሲቀይር እንደ ተከፈለ አይቁጠሩት። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው የማዳኛ ዕቅድ ክልሎች የማከፋፈያ ድርጅቶቻቸውን ዕዳ 75 በመቶ በሁለት ዓመት እንዲረከቡ ተደርጓል። የባንኮቹ መዝገብ ቀለል አለ፤ ሸክሙ ወደ ክልሎቹ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። ተመሳሳይ ማዳን ከዚያ በፊትም ተደርጎ ነበር፤ ምክንያቱም ጉድለቱን የሚያመነጩት ሦስቱ ምንጮች አልደረቁም።

ቅደም ተከተሉን ይጻፉ

ምክረ ሐሳብ ያለ ቅደም ተከተል ምኞት ነው። ናይጄሪያ በጃንዋሪ 2012 የቤንዚን ድጎማን በአንድ ቀን ስታነሳ የሊትሩ ዋጋ ከ65 ናይራ ወደ 141 ገደማ ዘለለ፤ አገር አቀፍ አድማ ተነሣና በወሩ አጋማሽ ወደ 97 ወረደ። ኢራን እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የኃይል ዋጋ ስትጨምር ካሳው አስቀድሞ በቤተሰቦች የባንክ ሒሳብ ገብቶ ነበር፤ ሰዉ ገንዘቡን ያያል፣ የሚያወጣው ግን ዋጋው በሚጨምርበት ቀን ነው። የጭማሪው ቀን በሰላም አለፈ። የካሳው መጠን ባለበት ስለቆየ በኋላ የዋጋ ንረት በላው፤ ይህም በምክረ ሐሳብዎ ውስጥ መልስ ይፈልጋል፦ ካሳው በየስንት ጊዜው ይከለሳል? በማን ሥልጣን?

የመጨረሻው ጽሑፍ ከሁለት ገጽ አይለፍ፤ ጉድለቱን በሦስት የከፈሉበት ሰንጠረዥ በአባሪ ይሂድ። ከመታተሙ በፊት ግን ሰንጠረዡን ብቻ ለድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ይላኩ። ምክረ ሐሳቡን አብረው ከላኩ ስለ ምክሩ ይከራከሩዎታል፤ ቁጥሮቹን ብቻ ከላኩ ግን ያርሙልዎታል።