የቀድሞ ስም ከወርድ ፋይል ላይ አልጠፋ ሲል

ከሥራ መልስ ልብ ወለድ ለምትጽፉ ትራንስጀንደር ሴቶች ይጠቅማል። በብዕር ስም የተጻፈው ታሪክ ለኅትመት አራት ኪሎ ኮፒ ቤት በቴሌግራም ተልኮ ሲከፈት፣ «ኦተር» በሚለው ቦታ የድሮው ስም ቁጭ ብሎ ይገኛል። ከእርማቶቹ ጎንም እንዲሁ።

የፋይሉን ስም መቀየር አልረዳም። ጽሑፉን ወደ አዲስ ዶክመንት መገልበጥም ያው ነው፤ ወርድ ስሙን የሚወስደው ከራሱ «ዩዘር ኔም» ነው። እሱን መቀየር ደግሞ ለአዲስ ፋይል እንጂ ለቆየው አይሠራም።

የሠራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ቅጂ ማስቀመጥ፣ የተሰረዘው ላይመለስ ይችላልና። ከዚያ ፋይል፣ ኢንፎ፣ ቼክ ፎር ኢሹስ፣ ኢንስፔክት ዶክመንት። ፍተሻው ሲያልቅ «ዶክመንት ፕሮፐርቲስ» ከሚለው ጎን ብቻ «ሪሙቭ ኦል»ን መጫን። «ኮመንትስ» ጎን ያለው ከተነካ የአንባቢዎች አስተያየት በሙሉ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ያበሳጫል።

ቀጥሎ ኦፕሽንስ፣ ጄኔራል ውስጥ የብዕር ስሙን አስገብቶ «ኦልዌይስ ዩዝ ዚዝ ቫልዩስ» ላይ ምልክት ማድረግ፤ አለበለዚያ በአካውንቱ የተመዘገበው ስም ተመልሶ ይመጣል። ፒዲኤፉም ከጸዳው ፋይል እንደገና ይውጣ፤ ቀድሞ የወጣው የድሮውን ስም እንደያዘ ነው።