ጽዮናዊነትንም አክራሪነትንም የተቸ ታሪክ ፀሐፊን ደሴ ላይ እንዴት ፕረዘንት ታደርጋላችሁ?

ታሪክ ዲፓርትመንት ያላችሁ ልጆች በየጊዜው በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ነገር ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው። ርዕሱ ከባድ የሆነው በንባቡ አይደለም በአድማጩ ነው፣ ደሴ ናት እንግዲህ፣ አንዱ ሸዋበር ሰግዶ ሌላው መድኃኔዓለም አስቀድሶ መጥቶ ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ሁለቱም ስለ እስራኤልና ፍልስጤም አቋማቸውን የጨረሱት ገና ቡና ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ሰው ምረጡ። "ጽዮናዊነትን የሚተቹ ምሁራን" ብላችሁ አስሩን ከደረደራችሁ ዊኪፔዲያ ማንበብ ነው የሚሆነው። እኔ ብሆን ፈረንሳዊውን ታሪክ ፀሐፊ ማክሲም ሮዲንሰንን ነው የምይዘው፣ ምክንያቱም ሰውየው ፓሪስ ላይ ግእዝ ያስተምር ነበር። አዎ ግእዝ! ስለ ጎንደር አስማት፣ ህክምናና ዛር መጽሐፍ ያወጣው በፈረንጅ 1967 ነው፣ እስራኤልን የቅኝ ግዛት ውጤት ናት ያለበት ዝነኛ ጽሑፉም የዛው ዓመት ነው። ይሄን ስትነግሩት ከኋላ ስልኩን የሚነካካው ልጅ ቀና ይላል አብሽሩ።

ቀጥሎ ህይወቱን በቅደም ተከተል አስቀምጡት፣ ጥቅስ ከመልቀማችሁ በፊት ማለቴ ነው። በ1915 ፓሪስ ተወለደ፣ ወላጆቹ ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ ኮሚኒስት ይሁዲዎች ናቸው፣ ድሆች ስለነበሩ ገና በልጅነቱ ትምህርት አቋርጦ ተላላኪ ሆኖ ሰራ፣ ከዛ በፈተና የምስራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ገባ። በ1937 ኮሚኒስት ፓርቲ ገባ። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያሳለፈው ሶሪያና ሊባኖስ ነው፣ ሊባኖስ ሳይዳ ላይ ሙስሊም ትምህርት ቤት አስተምሯል፣ እሱ እዛ እያለ እናትና አባቱ ኦሽዊትዝ ወደሚባለው የናዚ መግደያ ካምፕ ተወስደው በ1943 ሞቱ። ተመልሶ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰራ፣ ከ1955 ጀምሮ ማስተማር፣ በ1958 ከፓርቲው ተለያየ። ስላይዳችሁ ላይ የወላጆቹ ሞት (1943) ከእስራኤል ጽሑፉ (1967) በፊት ይምጣ፣ "ሰውየው ይሁዲ ጠል ነው እንዴ?" የሚል ጥያቄ አይቀርምና። ግን ደግሞ "ወላጆቹ ስለተገደሉ ልክ ነው" እንዳትሉ፣ ሀዘን ማስረጃ አይሆንም፣ ክርክሩ በራሱ ይቁም።

አሁን ዋናው ጋ። ጽዮናዊነት ለይሁዲዎች ፍልስጤም ላይ አገር ለመመስረት በ1897 ስዊዘርላንድ ባዝል ላይ ጉባኤ ይዞ የተደራጀ ፖለቲካዊ እንቅስቃሴ ነው፣ ከሃይማኖቱ ጋርም ከአክሱም ጽዮን ጋርም አንድ እንዳታደርጉት፣ ይሄን በሁለት ዓረፍተ ነገር ካልለያችሁት አንዳንድ እናቶች ማርያምን የተቸ ሰው ያመጣችሁ ነው የሚመስላቸው። የሮዲንሰን መከራከሪያ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እንቅስቃሴው አውሮፓ ዓለምን በምትከፋፈልበት ዘመን፣ በአውሮፓ መንግስታት ድጋፍ፣ ሰው ወደሚኖርበት መሬት ስለመጣ ውጤቱ ቅኝ ግዛት ነው። የ1917ቱ የባልፎር ደብዳቤ፣ የእንግሊዝ መንግስት ፍልስጤም ላይ ለይሁዲዎች ብሔራዊ ቤት እንደሚደግፍ ያሳወቀበት ማለት ነው፣ እዚህ ጋ ይገባል። ልጆች ሁሌ የሚጥሉት ግን ሁለተኛውን ግማሽ ነው፣ አሁን እዛ የሚኖረው የእስራኤል ህዝብም መብት አለው፣ ተጠራርጎ ይውጣ አይባልም ብሎ ነበር። ያንን ግማሽ የቆረጠ ፕረዘንቴሽን እኔ ዋጋ አልሰጠውም።

የሃይማኖት አክራሪነት ላይ ስትደርሱ ደግሞ ተጠንቀቁ እንጂ አትዝለሉት። በ1961 የነቢዩ ሙሐመድን ህይወት በማያምን ሰው አይን ጻፈ፣ መጽሐፉ በ1998 ካይሮ ካለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጥቷል። ያንን መጽሐፍ አዳራሽ ውስጥ እየገለጣችሁ አታንብቡ፣ የሰው እምነት ላይ ድፍረት ይሆናል፣ አካሄዱን መግለጽ ይበቃል። የሚያስፈልጋችሁ 1978 ነው፣ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ የኢራንን አብዮት በአድናቆት ሲጽፍ ሮዲንሰን ለ ሞንድ ጋዜጣ ላይ ሃይማኖት ስልጣን ሲይዝ የሚመጣውን አስጠነቀቀ። ለፍልስጤም ሲጽፍ ያጨበጨቡለት ብዙዎቹ እዚህ ጋ አልወደዱትም፣ እሱ ግን አንዱን ጽፎ ሌላውን አልሸሸም፣ በኔ እይታ የሰውየው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

ምሳሌ ከሩቅ አታምጡ፣ ቦሩ ሜዳ አፍንጫችን ስር ነው። በ1878 አፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገው የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ ሲሉ የወሎው ገዢ ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ የሃይማኖት መምህሩ ሼህ ጦልሃ ደግሞ አመፁ። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አህመድ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና የጻፈው በ2001 ነው፣ እሱን ከሮዲንሰን ጎን አስቀምጣችሁ ብታነቡ መንግስትና ሃይማኖት ሲጋጠሙ ምን እንደሚሆን ለደሴ ሰው ማስረዳት አይከብዳችሁም።

ስለ ዝግጅቱ ትንሽ ልበል፦ ፈረንሳይኛውን በጎግል ወደ እንግሊዝኛ አድርጉት፣ ቀጥታ ወደ አማርኛ ካደረጋችሁት ጉድ ነው የሚያወጣው። ፒዲኤፉን ቀድማችሁ አውርዱ፣ መብራትና ኔትወርክ በቀጠሮ አይመጡም። ገጽ ቁጥር ያልያዘ ጥቅስ የቴሌግራም ወሬ ነው፣ ጣሉት። ዓመቶቹ በሙሉ የፈረንጅ መሆናቸውን መጀመሪያ ተናገሩ፣ ሰኔ 1967 በኛ 1959 ነውና አንዱ አዛውንት "በደርግ ጊዜ ነበር?" ብለው ሰዓታችሁን ይበሉታል።

"ታዲያ ከማን ወገን ነው?" ከተባላችሁ የ1967ቱን የእስራኤል ጽሑፍና የ1978ቱን የኢራን ማስጠንቀቂያ አብራችሁ መልሱ፣ አንዱን ብቻ እንዳትሰጡ። ሰዓት ከጠበበ የፓርቲውን ጣጣ ቁረጡት፣ ጎንደርን ግን አትንኩብኝ።