የአየር ጠመንጃ ባዶውን አይተኮስም፤ ሌሎችም የጓሮ ስህተቶች

በበዓል ሰሞን መንገድ ዳር የሚዘጋጀውን የተኩስ ጨዋታ የማያውቅ የሐዋሳ ልጅ ያለ አይመስለኝም። የተደረደሩ ዒላማዎች፣ ሰደፉ በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ የአየር ጠመንጃ፣ ተራ የሚጠብቁ ልጆች። እኔም ፍቅሩ የያዘኝ እዚያ ነው። አሁን ጓሮዬ ውስጥ ከአቮካዶው ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ አሮጌ ጠመንጃ እጠግናለሁ። አመሻሽ ላይ ደግሞ 10 ሜትር ለክቼ ወረቀት እተኩሳለሁ።

ሰው ይዞልኝ ከሚመጣው ጠመንጃ ውስጥ በእርጅና የተበላሸው ጥቂት ነው። አብዛኛው ውስጡ ምን እንደሚካሄድ ባለማወቅ የተጎዳ ነው። የማወራው ቱቦው ተሰብሮ፣ ማለትም ወደ ታች ታጥፎ፣ ስለሚቀባበለው፣ ባለ ሞላው ዓይነት ነው። ስታቀባብሉት ሞላው ይጨመቃል። ቃታውን ስትስቡ ሞላው ፒስቶኑን ወደፊት ይወረውረዋል። ፒስቶኑ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፣ አየሩም ጥይቷን ይገፋታል። ይህን ከያዛችሁ ቀሪው ይገባችኋል።

ትልቁ ስህተት ባዶውን መተኮስ ነው። ጥይት ሲኖር ለቅጽበት አየሩን ታግዳለች። የታገደው አየር ለፒስቶኑ እንደ ትራስ ይሆንለታል፣ ሲደርስ ያበርደዋል። ጥይት ከሌለ አየሩ ቀድሞ ያመልጣል፣ ፒስቶኑም ሄዶ ከብረቱ ጋር ይላተማል። ፒስቶኑ ጫፍ ላይ ያለው አየር ማገጃ ጎሚኒ ይቀጠቀጣል፣ ሞላው ይሰበራል። ሐዋሳ ደግሞ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። አየራችን ባሕር ዳርቻ ካለው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ስለሆነ ትራሱም ቀድሞውኑ ስስ ነው። ጥይት አለቀ ብሎ የተጠቀለለ ወረቀት ወይም የምስር ፍሬ ከቶ መተኮስም ከባዶው ብዙም አይሻልም። ጓደኛችሁ ጠመንጃውን አንስቶ "እስቲ ቃታውን ልሞክረው" ካለ አስቁሙት።

ሁለተኛው የሞተር ዘይት ነው። ጠመንጃው ደከመ ሲባል ብዙ ሰው የሚሮጠው ለባጃጁ ወደገዛው ዘይት ነው። በአየር መውጫዋ ቀዳዳ ጠብ ያደርግና ይተኩሳል። ጧ! ይላል፣ ጭስ ይወጣል፣ ሰውየውም ኃይሉ ተመለሰ ብሎ ደስ ይለዋል። የሆነው ግን ሌላ ነው። የናፍጣ መኪና ካንዴላ የለውም፤ አየሩ ሲጨመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ብቻ ነዳጁ ይቀጣጠላል። ጠመንጃው ውስጥም የተፈጠረው ይኸው ነው። በየተኩሱ ትንሽ ፍንዳታ ይደርሳል ማለት ነው፣ ጎሚኒው ይቃጠላል፣ ሞላውም ከአቅሙ በላይ ይመታል። አየር የሚጨመቅበት ክፍል ውስጥ የሚገባው የሲሊኮን ዘይት ብቻ ነው፣ እሱም አንድ ሁለት ጠብታ። ፒስቶኑ የቆዳ ጎሚኒ ያለው አሮጌ ጠመንጃ ከሆነ ቆዳው ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጠብ አድርጋችሁ አፈሙዙን ወደ ላይ አቁማችሁ አሳድሩት። የሞተር ዘይት ከፈለጋችሁ ለውጪው ብረት ይሁን፤ በክረምት ዝገት ይከላከልላችኋል።

ከዘይቱ በፊት መፈተሽ የነበረበት ቦታም አለ። ቱቦው ተሰብሮ በሚገጥምበት ላይ ትንሽ የጎማ ቀለበት አለች። ከሶፍት ስስ ቁራጭ ቀዳችሁ መጋጠሚያው ላይ ጣል አድርጉና፣ ጥይት ከታችሁ ወደ ዒላማው ተኩሱ። ሶፍቱ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከበረረ አየሩ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ቀለበቷን አውጡና ልኳን የሚመስል ኦሪንግ መለዋወጫ ቤት ፈልጉ። "ሞቷል" ተብሎ የመጣልኝን ጠመንጃ በዚህች ቀለበት ብቻ ያስነሳሁበት ጊዜ አለ።

ሞላውን በእጅ ለማውጣት መሞከር ከሁሉም የማስጠነቅቃችሁ ነገር ነው። ተገጥሞ እያለም፣ ሳይቀባበልም፣ ሞላው በኃይል ተጨምቆ ነው ያለው። ብዙው ሲወጣ 5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይረዝማል። የመጀመሪያዬን ስፈታ ወንድሜ ከኋላ በመዳፉ ገፍቶ ያዘልኝ፣ እኔ በካቻቢቴ ፒኑን መታሁት። የኋላው ብረት ከወንድሜ እጅ አምልጦ ጆሮው ሥር አለፈና ግድግዳውን ቦደሰው። የቦደሰው ቦታ እስከ ዛሬ አለ፤ ሳየው ሆዴን ባር ባር ይለኛል። አሁን የአናጢ ረጅም ሞርሴቶ (እንጨት ጠርንፎ የሚይዝ ማጥበቂያ) እጠቀማለሁ። ጠመንጃውን እሱ ላይ አስተኝቼ፣ የኋላውን ብረት በእንጨት ቁራጭ ደግፌ አጠብቃለሁ፣ ፒኑን አወጣለሁ፣ ከዚያ ቀስ እያልኩ እስኪላላ ድረስ እመልሳለሁ። ፊቴንም ከሞላው መስመር አወጣለሁ። ሞርሴቶ ከሌላችሁ አትፍቱት።

ጥይት ስታስገቡም የተከፈተውን ቱቦ አንድ እጃችሁ አጥብቆ ይያዘው። ቃታው አርጅቶ ከለቀቀ ቱቦው በኃይል ይመለሳል፣ ጣት ይቆርጣል። አቀባብሎ ማስቀመጥም አያስፈልግም፤ ሞላው ይደክማል፣ ልጅም ያገኘዋል።

አሁን ወደ ተኩሱ። ዒላማን አጥር ላይ መስቀል የእኔም ስህተት ነበር። ባዶ ጣሳ ብሎኬቱ አጥር ላይ አስቀምጬ ስተኩስ ዋልኩ። በማግስቱ ጎረቤቴ እትዬ በር አንኳኩተው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። መሃሉ ላይ ጠፍጣፋ የሆነች የእርሳስ ፍሬ አለች።

"ልጄ፣ ይቺ ከእናንተ ግቢ ናት?"

"አዎ እትዬ… የት አገኟት?"

"ያሰጣሁት በርበሬ ውስጥ።"

ግድግዳቸውን መትታ ነው የወደቀችው። እሳቸው በርበሬውን እያገላበጡ ጎንበስ ባሉበት ሰዓት ቢሆንስ? በርበሬው ውስጥ ያላዩት ቢቀርስ? እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለልጆች። በርበሬውን በሙሉ ተካሁላቸው። የዚህች ትንሽ ጥይት ጉዞ በጓሮ አይለካም፤ ነፃ መንገድ ካገኘች ከ200 ሜትር በላይ ልትሄድ ትችላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዒላማዬ ያለው በአሸዋ የተሞላ የእንጨት ሳጥን ፊት ነው። ሳጥኑ በራሴ ቤት ግድግዳ ላይ ተደግፏል፣ መስኮትም በርም በሌለበት በኩል። ድንጋይና ብረት ላይ አትተኩሱ፣ ፍንጣሪው ወደ ዓይን ይመለሳል፤ መነጽር አድርጉ። ጥይት በጥርስ መያዝ ክልክል ነው። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ወፍ ላይ መተኮስን ስህተት ብቻ ብዬ አላልፈውም። ሐይቃችን ዳር አሞራ ገደል ያሉት ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች፣ ሰው አጠገብ የሚቆሙት ስላመኑን ነው። ወረቀት ላይ ተኩሱ። በኦሎምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር የዒላማው መሃል ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ነጥብ ናት፤ ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ፈተና እሷ ናት።

ፈቃድን በተመለከተ "መጫወቻ እኮ ነው" እያሉ በጎዳና ማንጠልጠል አያዋጣም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ጠይቁ።

የጥይት ልክም አይታለፍም። 4.5 እና 5.5 ሚሊ ሜትር አይቀያየሩም። የብረት ድቡልቡል ደግሞ ውስጡ ጠመዝማዛ መስመር ያለውን ቱቦ ይፍቀዋል።

በመጨረሻ፣ አጥብቆ መያዝ። ባለ ሞላ ጠመንጃ ጥይቷ ሳትወጣ በፊት ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይነቀነቃል። ጨምቃችሁ ከያዛችሁት በየጊዜው በተለያየ መንገድ ይዘላል። የግራ መዳፋችሁን ከፍታችሁ እላዩ ላይ አስተኙት፣ ሰደፉን ትከሻችሁ ላይ አስነኩት እንጂ አትጎትቱት። ጥይቶቹ አሁንም ከተበታተኑ ማነጣጠሪያውን ከመነካካታችሁ በፊት የሰደፉን ብሎኖች እዩ። በየተኩሱ ስለሚንቀጠቀጡ ይላላሉ። ካቻቢቴውን አጠገባችሁ አድርጉና በየ50 ጥይቱ እስኪይዙ ብቻ አጥብቋቸው፤ ከዚያ አምስት ጥይት በአንድ ወረቀት ላይ ተኩሳችሁ ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተቀራረቡ ተመልከቱ።