ከሁለት ፎቶግራፍ የወጣው ቅርጽ ሲጣመም

ከሁለት ፎቶግራፍ የአንድን ነገር ቅርጽ ከነጥልቀቱ የሚያሰላ ኮድ ጠማማ ውጤት ሲሰጥ፣ ኮዱን ከመበርበር በፊት ፎቶግራፎቹ እንዴት እንደተነሱ መጠየቅ ይቀድማል። ይህን የተማርኩት የአንድ ግቢ የድንጋይ አጥር አንስቼ፣ ኮዱ ውስጥ የሌለ ስህተት ሦስት ቀን ስፈልግ ከርሜ ነው።

ምልክት፦ በሁለቱ ፎቶግራፎች ላይ ካዛመዳችኋቸው ነጥቦች አንዱን በአንድ ፒክሰል ፈቀቅ ስታደርጉት ውጤቱ ሁሉ ይናወጣል።
ምክንያቱ የቁጥሮቹ መበላለጥ ነው። ተመራማሪው ሎንጌት ሂጊንስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረበው ባለ 8 ነጥብ ዘዴ፣ ሁለቱን ፎቶግራፎች የሚያያይዘውን ማትሪክስ (የቁጥሮች ሠንጠረዥ) ለማግኘት የሁለቱን ምስሎች የቦታ ቁጥሮች እርስ በርስ ያባዛል፤ ነጥቡ 1000ኛው ፒክሰል ላይ ከሆነ 1,000,000 እና 1 በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። ሌላው ተመራማሪ ሃርትሊ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳየው መፍትሄ እጅግ ቀላል ነው፦ የነጥቦቹን መሐል ወደ ዜሮ አምጡ፣ ከዚያም ከዚሁ መሐል ያላቸውን አማካይ ርቀት የ2 ካሬ ሥር አድርጉ፣ ማትሪክሱ ሲገኝ ወደ ቀድሞው ልኬት መልሱ።

ምልክት፦ ኤፒፖላር መስመሮቹ (የአንዱ ፎቶግራፍ ነጥብ በሌላው ላይ ሊገኝባቸው የሚችሉ መስመሮች) አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም።
የማትሪክሱ ዲተርሚናንት (ከቁጥሮቹ የሚሰላ አንድ ቁጥር) ዜሮ አልሆነም ማለት ነው። በግድ ዜሮ አድርጉት፤ ወይም በ7 ነጥብ ብቻ ሥሩና የ3ኛ ደረጃ ፖሊኖሚያሉን ፍቱ።

ምልክት፦ ነጥቦቹ በሚገባ ገጥመዋል፤ ካሜራው ግን ያልቆመበት ቦታ ተቀምጧል።
የእኔ አጥር ጉድ ይህ ነበር። ነጥቦቹ ሁሉ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ካረፉ፣ 8 ይሁኑ 800፣ ከእነርሱ የሚገኙት ነጻ እኩልዮሾች 6 ብቻ ናቸው፤ ባለ 8 ነጥብ ዘዴ ማትሪክሱን ለመለየት ደግሞ 8 ያስፈልጉታል። የጎደለውን ቦታ የልኬት ስህተት ይሞላዋል፤ አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው፣ መልስ መስሎ ይወጣል። ከአጥሩ ፊት ያለውን ዛፍ ወይም ጥግ አብራችሁ አንሱ። ይህ ካልተቻለና የካሜራው የትኩረት ርቀት ከታወቀ፣ ተመራማሪው ኒስተር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውን ባለ 5 ነጥብ ዘዴ ተጠቀሙ። ወደ 10ኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ስለሚያደርስ እስከ 10 መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ትክክለኛውን በሦስተኛ ፎቶግራፍ ለዩ።

ምልክት፦ ጥልቀት ጭራሽ የለም።
ቆማችሁ ዞራችኋል እንጂ አልተራመዳችሁም። ይህን ስሌት አያድነውም፤ ተመልሳችሁ ወደ ጎን እየተራመዳችሁ አንሱ።

ምልክት፦ ነጥቦቹ ከካሜራው ኋላ ወጡ።
ማትሪክሱ ከሚሰጣቸው አራት የካሜራ አቀማመጦች የተሳሳተውን መርጣችኋል። ነጥቦቹን ከሁለቱም ካሜራዎች ፊት የሚያስቀምጠውን ውሰዱ።

ቅርጹ ትክክል ሆኖ መጠኑ ካልታወቀ ስህተት አትፈልጉ፤ ፎቶግራፍ ብቻውን የአሻንጉሊት አጥርን ከእውነተኛው አይለይም። እኔ የበሩን ስፋት በሜትር ለክቼ አስገባሁ።